ነፍስ ይማር ለአቶ ኦቶ

ባለፈው ሳምንት የእማዬን የልብስ ስፌት መኪና ሬኒየር ቢች ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወስጄ ነበር። ባለሙያው የመኪናዋን ሆድ ከፍቶ ከትንሽ ቆርቆሮ ዘይት ጠብ ጠብ ሲያደርግባት ሽታው አፍንጫዬን ሞላውና የጀመርኩት ወሬ ጠፋኝ። ሰውዬው "ደህና ነሽ?" አለኝ። ደህና ነበርኩ። ብቻ አስር ዓመቴ ሆኖ፣ ጉልበቴ ላይ አሮጌ ፎጣ ተነጥፎ፣ ፎጣው ላይ የጀርመን ጎራዴ ተጋድሞ፣ አባባ ወልዴ ከጎኔ ቆመው "አንብቢ" ይሉኝ ነበር።

አባባ ወልዴ የእማዬ አባት ናቸው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የሲያትል ዝናብ ሊጀምር ሲል፣ በአንድ ሻንጣና በአንድ ቡናማ ባርኔጣ እኛ ጋ መጡ። አልጋዬን ለእሳቸው ለቅቄ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛሁ። በዚህ ትንሽ ቂም ይዤባቸው ነበር፤ ግን ሰው ቂም የሚይዝባቸው ዓይነት ሽማግሌ አልነበሩም።

ስልክ ሲጮህ ከወንበራቸው ይነሱ ነበር። ማን እንደደወለ እስኪታወቅ ድረስ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ይቀመጣሉ። የሚጠብቁት ልጃቸውን ነው፣ አጎቴን ግርማን። ግርማ የእማዬ አንድ ወንድሟ ነው። ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ዘመተ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሌላው በእግሩም በመኪናም ወደ ቤቱ ሲገባ እሱ አልገባም። አባባ ለዚህ መልስ ነበራቸው። "ሱዳን ገብቷል። በረሃ ላይ ስልክ ከየት ይመጣል?" ይላሉ። እኔም ሱዳን ማለት ስልክ የሌለበት ትልቅ ግቢ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሁድ ገና ሳይነጋ የበራችን መከፈት ቀሰቀሰኝ። ሱፍ የለበሱ አራት ሰዎች ጃንጥላቸውን ሳያራግፉ ገቡ። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ሲታክ ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠራ የአባቴ ጓደኛ ነው። ለቁርስ የመጡ መሰለኝና እንዲህ በጠዋት እንቁላል ማን ይጠብስላቸዋል ብዬ አሰብኩ። እማዬ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ከኋላዋ ጥቁር ሻሽ ይዛለች። በርዷት ይሆናል አልኩ።

መርዶ በጠዋት እንደሚነገር ያኔ አላውቅም ነበር። አባባ ግን ያውቃሉ። እሳቸው ራሳቸው በጊዜያቸው የስንቱን ሰው በር ሳይነጋ አንኳኩተዋል። ከመኝታ ክፍሉ በፒጃማ፣ ግን ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወጡ። ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ማንም አፉን ሳይከፍት ቀደሙ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ተቀመጡ። በጠዋት የመጣ እንግዳ በረከት ነው። እኛ ደህና ነን። ልጄም ደህና ነው፣ ሱዳን ነው።"

አስቀመጧቸው። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ አገራቸው የት እንደሆነ፣ እዚህ ምን እንደሚሠሩ በየተራ ጠየቁ። የፓርኪንጉ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። "አባታችን፣ እኛ የመጣነው..."

"ሻይ ሳትጠጣ?" አሉት።

ሻይ ቀዱላቸው። ጨረሱ፣ ደገሙላቸው። ፀሐይ ስትወጣ አባባ ብድግ ብለው "በሉ፣ ቅዳሴ እንዳይረፍድባችሁ" አሉና ራሳቸው በሩን ከፈቱላቸው። ሰዎቹ ያመጡትን ይዘው ተመለሱ። እማዬ ሻሿን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ቤቱ ሞቆላት ይሆናል ብዬ ደግሞ ደስ አለኝ።

የፓርኪንጉ ሰው ከግርማ ጋር በአንድ ጦር ክፍል ነበር። ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል። አባቴም እማዬም ያውቃሉ። ግን አባት መርዶ አልሰማም እያለ፣ ሴት ልጁ ተነሥታ "ወንድሜን" ብላ አታለቅስም። አንድ ጊዜ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ብቅ ስትል አባባ ሹካቸውን አስቀመጡ። "ያልሞተ ሰው አይለቀስም፤ ሟርት ነው። ለውጪው።" ለወጠችው። ለወራት እንባዋን እንዳፈነች፣ ቀይና ቢጫ ለብሳ ሥራ ትሄድ ነበር።

ሥራዋ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው መርዳት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኖርዝጌት አጠገብ ሚስተር ኤልመር የሚባሉ አሜሪካዊ ጋ ትውላለች። አባቴ ቅዳሜ ታክሲ ይነዳል። አባባ አንድ ቀን ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ረስተው ቤቱ በጭስ ከተሞላ በኋላ ብቻቸውን ከእኔ ጋር መተው ቀረ። እማዬ ለሚስተር ኤልመር ብትነግራቸው "ሁሉንም አምጫቸው፣ ቤቱ ጭር ብሏል" አሏት።

ቤታቸው ስንገባ ያ የዘይት ሽታ ተቀበለን። ሚስተር ኤልመር ረጅም፣ ጎባጣ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሰው ናቸው። ወደ ምግብ ክፍሉ መሩን። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ጎራዴ ነው። እጀታቸው የአንበሳ ራስ የሆነ አለ፣ የአንበሳው ዓይን ቀይ ብርጭቆ ነው። ስለታቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ በወርቅ የተጻፈባቸው አሉ። እኔ "ዋው!" ብዬ ልሮጥ ስል አባባ ትከሻዬን ያዙኝ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለግድግዳው እጅ ነሡ። ከዚያ ለበሩ የሚቀርበው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። ሚስተር ኤልመር ብስኩት አቀረቡ፤ አባባ አልነኩም። ሚስተር ኤልመርም ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ። በመጨረሻ አባባ ቀና ብለው "እግዜር ያጥናዎት" አሉ። "ንገሪያቸው።"

"እግዚአብሔር ያበርታዎት ይላሉ" ብዬ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው።

ሚስተር ኤልመር መነጽራቸውን አወለቁ። "ዶሪስ ከሞተች ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ መጥቶ የተቀመጠ ሰው የለም" አሉኝ። ዶሪስ ባለቤታቸው ነበሩ።

ይህንን ለአባባ ተረጎምኩ።

"ሚስታቸውም?" አሉ አባባ ግድግዳውን እያዩ። "በእነዚህ ሁሉ ላይ ሚስትም? ወይ መከራ!" አለቀሱ። ሚስተር ኤልመርም አለቀሱ። እኔ በመሀላቸው ሆኜ የሁለቱንም ብስኩት በላሁ።

ስንወጣ ሚስተር ኤልመር ያቺን ቃል አስደገሙኝ። "እግዜር ያጥናዎት።" ምላሳቸው እስኪለምዳት ደጋግመው አሏት።

እማዬ ወጥ ቤት ነበረችና ጉዳዩ የገባት መኪና ውስጥ ነው። አባባ "ይሄን ሁሉ ወንድ የቀበረ ቤት አላየሁም" ሲሉ መሪውን ይዛ መሳቅ ጀመረች።

"አባዬ፣ እነዚያ እኮ የገዟቸው ናቸው! ኮሌክት ያደርጋሉ።"

"ምን ያደርጋሉ?"

"ይሰበስባሉ። ሰው ቴምብር እንደሚሰበስበው።"

አባባ ባደጉበት በቡልጋ የሰው ጎራዴ ከቤት የሚወጣው ባለቤቱ ሲሞት ነው። ለቅሶው ላይ ከጠመንጃውና ከካባው ጋር በሰው ፊት ይያዛል፣ አልቃሹም እሱን እያየ ያለቅሳል። ግድግዳ ሙሉ ጎራዴ ያየ የቡልጋ ሰው ስንት ሬሳ ከዚህ ቤት ወጣ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

"የሰው ጎራዴ? በወርቅ የተጻፈበት?"

"አዎ አባዬ።"

"ታዲያ እኔ ማንን ነው ያለቀስኩት?"

"ዶሪስን።"

"ለእሷስ ደግ አደረግሁ" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሬኒየር ቢች፣ ቤታችን ደርሰን እማዬ መኪናውን ፓርክ ስታደርግ "እነዚያስ? እንዲሁ አልቃሽ አጥተው ሊቀሩ ነው?" ሲሉ ሰማኋቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስተር ኤልመር በሩን ከፍተው ፊታቸው በፈገግታ እንደተሞላ፣ ለእማዬ፣ "እግዜር ያጥናዎት!" አሏት።

ሰላምታ መስሏቸዋል። እኔ እንደተረጎምኩት ከሆነማ መልካም ሰላምታ ነው። እማዬ ግን ደርቃ ቀረች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ወጥ ቤት ገባችና ቧንቧውን ለቀቀችው። ውሃው ብዙ ፈሰሰ። አባባ "ሟርተኛ ሽማግሌ!" ብለው በአማርኛ አጉረመረሙና ትንሽ ቆይተው "ተዪው፣ አያውቅም" አሉኝ። ልናርማቸው ይገባ ነበር፤ ግን ምን ብለን? "ይህ የሚባለው ሰው ለሞተበት ነው" ብንላቸው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ማንም እንዲጠይቅ አልፈለገም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ እማዬን ለወንድሟ ያጽናኗት ነበር፣ እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ቧንቧ ትከፍት ነበር። እኔ ሚስተር ኤልመርን የምትጠላቸው ይመስለኝ ነበር።

የሚስተር ኤልመር ዓይን እየደከመ ነበር፤ ጽሑፉን ማንበብ ካቃታቸው ቆይተዋል። ስለዚህ ንባቡ የእኔ ሥራ ሆነ። ጎራዴውን እሳቸው ከግድግዳው ያወርዳሉ፣ እኔ ጉልበቴ ላይ አጋድሜ፣ በጣቴ ሳልነካ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ከእጀታው ወደ ጫፉ እጠርጋለሁ። የጣት ላብ ብረቱን ያዝገዋል። ዘይቱ የዶሪስ የስፌት መኪና ዘይት ነው። ያን የተጠማዘዘ አሮጌ የጀርመን ፊደል አንድ በአንድ አስለመዱኝ።

ጀርመን ሲባል እኔ የማውቀው ቴሌቪዥን ላይ የሚጮኹትን ወታደሮች ብቻ ነበር። ሚስተር ኤልመር ግን እነዚህ ከዚያ በፊት፣ ከመጀመሪያውም የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ መሆናቸውን ነገሩኝ። አንድ መኮንን ጓዶቹን ተሰናብቶ ሲሄድ ወይም ሲያገባ ጓደኞቹ አዋጥተው ያሠሩለታል። በአንድ በኩል የእሱ ስም፣ በሌላው በኩል የሰጪዎቹ ስም ይጻፋል። ሚስተር ኤልመር የሚወዱት ብረቱን ነው። ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ቀለም የተጠማዘዘውን የስለቱን መስመር በጣታቸው ሳይነኩ አየር ላይ ይከተሉታል፣ የሠሪውን ማኅተም አግኚልኝ ይሉኛል። አባባ የሚፈልጉት ግን ስሙን ብቻ ነበር።

"ኦቶ" አነበብኩ።

"አቶ ማን?"

"ኖ አባባ፣ ስሙ ነው። ኦቶ።"

"አቶ ኦቶ" አሉ አባባ። "ለሞተ ሰው አቶ አይነፈግም።" ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ነፍስ ይማር። ቀጥዪ።"

ሰጪዎቹንም በሙሉ አነበብኩ፤ ለእያንዳንዱ ነፍስ ይማር አሉ። ከሰዓቱ በዚሁ አለቀ። ሚስተር ኤልመር ምን እንደሚሉ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጎራዴውን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት።

"ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሯል" አሉ። "ክብደቱን አውቃለሁ። ማን እንደቀጠቀጠው አውቃለሁ። ሰውየው ይሙት ይኑር ግን አስቤው አላውቅም።" ትንሽ ሳቁ። "መቼም ሞቷል።" ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባባ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ እሳቸውም ኮፍያቸውን አወለቁ።

እስከዚያ ድረስ እኔ ስሞቹ የጎራዴዎቹ ይመስሉኝ ነበር፣ ውሻ አንገት ላይ ስሙ እንደሚንጠለጠለው። ባለ አንበሳ እጀታው ኦቶ፣ ቀጭኑ ኸርማን ነበር። ሰዎች መሆናቸው ሲገባኝ ኸርማንን ፈራሁት። አባባ ግን አንዱንም አልፈሩም። እንደ ጎረቤት ነበር የሚያነሷቸው። አንድ ማክሰኞ እራት ላይ "አቶ ኸርማን ያገባት ሴት ምን ሆና ይሆን?" ብለው አባቴን ትን አሰኙት።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቅዳሜ ውጭ እየዘነበ፣ እማዬ ወጥ ቤት ሾርባ እየሠራች፣ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ፣ አባባም "ነፍስ ይማር... ነፍስ ይማር..." ሲሉ ቆየን። ድንገት እማዬ ጭልፋውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ ይበቃል! ለኦቶ ነፍስ ይማር፣ ለኸርማን ነፍስ ይማር! ለማያውቁት ፈረንጅ ሁሉ ባርኔጣ ያወልቃሉ..."

"እነሱ ሞተዋል" አሉ አባባ።

"በምን አወቁ? አስከሬናቸውን አዩ? መቃብራቸው ላይ ቆሙ?"

ከጭልፋው ሾርባው ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። አባባ አላዩዋትም። ጨርቁን አንስተው ለእኔ ሰጡኝ። "ጥረጊ" አሉ። ሚስተር ኤልመር ምን ተባለ ብለው ሲያዩኝ "ስለ ሾርባው ነው" አልኳቸው። እውነትም ስለ ሾርባው ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እማዬን እንዳላናድድ ስሞቹን በሹክሹክታ ማንበብ ጀመርኩ።

አበባ መውጣት ሲጀምር የሚስተር ኤልመር ልጅ ከሌላ ስቴት መጣ። ቤቱ ሊሸጥ፣ እሳቸውም ነርሶች ያሉበት ቤት ሊገቡ ሆነ። ነጭ ጓንት ያደረገ ሰው መጥቶ ጎራዴዎቹን ለሽያጭ ፎቶ አነሣ፤ ከዚያ አንድ በአንድ በወረቀት ተጠቅልለው ረጃጅም ሳጥን ውስጥ ገቡ። በመጨረሻው ቅዳሜ ስንደርስ ግድግዳው ላይ ሚስማር ብቻ ነበር። ሚስተር ኤልመር በሩ ላይ እንደ ወትሮው "እግዜር ያጥናዎት" አሉ፣ የዚያን ቀን ግን ሳይስቁ።

"ለአያትሽ ንገሪልኝ" አሉኝ። "አንድ ይምረጡ። የፈለጉትን።"

ነገርኳቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የሰው ነው። ስም አለበት። እግዜር ይስጥልኝ በያቸው።"

ሚስተር ኤልመር አሰቡ። ከዚያ ምርኩዛቸውን እየጎተቱ ካፖርት የሚሰቀልበትን ቁም ሳጥን ከፈቱና ከጀርባ አንድ ጎራዴ አወጡ። እሱን አይቼው አላውቅም። ጉልበቴ ላይ አኖሩት። ከሰገባው ሳወጣው ዳርና ዳሩ ላይ የወርቅ ቅጠልና አበባ አለ፤ ስም የሚጻፍበት መሀሉ ግን ተሞርዶ ነጭ ሆኗል።

"ማን ነው?" አሉ አባባ።

"ምንም የለበትም አባባ።"

ሚስተር ኤልመር አስረዱኝ፣ እኔም ተረጎምኩ። አንድ ሰው ስሙን ሞርዶ አጥፍቶታል። ሌባ ይሁን፣ ቸግሮት ሲሸጠው ያፈረ ልጅ ይሁን አይታወቅም። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን አይፈልጉትም፤ እሳቸውም ግድግዳ ላይ ሰቅለውት አያውቁም።

"ሰውየው ግን ነበር?" አሉ አባባ።

"ነበር እንጂ" አሉ ሚስተር ኤልመር። "ላልነበረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም።"

"ሞቷል?"

"ድሮ።"

አባባ ጎንበስ ብለው የተሞረደውን ቦታ አዩት። በጣት እንደማይነካ ያውቃሉ፤ ግን አውራ ጣታቸውን አኖሩበት። እማዬ ከወጥ ቤት ወጥታ እጇን በፎጣ እያደረቀች ቆማለች።

"ይሄን ሁሉ ዘመን" አሉ አባባ፣ "አንድ ሰው እንኳ ነፍስ ይማር ሳይለው?"

አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንደ ሌላው ቅዳሜ እኔን ያዩኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ያዩት ግን እማዬን ነው።

"አንብቢ፣ ልጄ" አሏት።

እማዬ ፎጣውን ጣለች። መጥታ ከእግሬ ሥር ተንበረከከች። ያንን ባዶ ብረት ትክ ብላ አየችው፣ ከንፈሯ ብዙ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

"ግርማ" አለች በመጨረሻ። "ግርማ ወልዴ።"

"ነፍስ ይማር" አሉ አባባ።

ያን ጊዜ እማዬ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች ደረቷን ትመታለች፣ አባባ አጠገቧ ወለሉ ላይ ወርደው ራሷን ይዘውላታል፣ እሳቸውም ይጮኻሉ። ጎራዴው ከጉልበቴ እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ መሳቢያ ውስጥ የታጠፈው ሻሽ፣ የቧንቧው ውሃ፣ ሱፍ የለበሱት ሰዎች፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ፤ እኔም ፊቱን ለማላውቀው አጎቴ አለቀስኩ።

ሚስተር ኤልመር "ማን ነው?" አሉኝ በቀስታ።

"የእማዬ ወንድም" አልኳቸው። "ወታደር ነበር።"

ኮፍያቸውን አወለቁ። ጎንበስ ማለት አይችሉም፣ ቢሆንም ምርኩዛቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው፣ ጠረጴዛውን ይዘው፣ ቀስ በቀስ ወርደው ወለሉ ላይ ከእነሱ ጋር ተቀመጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ በፈገግታ ሲሏት የነበረችውን ያቺን የሚያውቋትን አንድ የአማርኛ ቃል ለእማዬ ነገሯት።

"እግዜር ያጥናዎት።"

በዚያን ቀን እማዬ ፊቷን አላዞረችም። "አሜን" አለች።